ወይዘሪት የቆመችበት ዓመት

አሥራ ሰባት ዓመት የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሰልፍ የሚያዛባውን እየገሠጽኩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቤት ስገባ እንኳ ድምፄ አይቀንስልኝም ነበር፤ ባለቤቴ "ቀስ በይ፣ ጎረቤት ሰልፍ እንዳይወጣ" እያለ ያሾፍብኛል። ጉልበቴ ከዳኝና ሐኪሙ ከእንግዲህ ሩጫ የሚባል ነገር እንደሌለ ሲነግረኝ፣ አንዲት የድሮ ባልደረባዬ "እኛ ጋ ነያ፤ እኛ ጋ የሚሮጥ ሰው የለም" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም።

እሷ የምትሠራበት ማዕከል ከባድ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው አዋቂዎች የሚውሉበት ቤት ነው። አብዛኞቹ አይናገሩም፣ ግማሾቹ አይራመዱም፣ ብዙዎቹ የሚጥል በሽታ አለባቸው። ጠዋት ቤተሰብ ያመጣቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳቸዋል። የኔ ሥራ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ ነው፤ የማይዘረጋውን ክንድ ቀስ ብሎ መዘርጋት፣ የማይቀመጠውን ማስቀመጥ፣ መራመድ የሚችለውን እንዳይረሳው ማራመድ። አዳራሹ ውስጥ ወፋፍራም ሰማያዊ ፍራሾች፣ ትላልቅ ኳሶች፣ ግድግዳው ላይ ዳር እስከ ዳር የተሰካ የብረት መደገፊያ አለ። ፊሽካዬን የመጀመሪያው ቀን ኃላፊዋ ተቀብላኝ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ድንገተኛ ድምፅ አንዳንዶቹን ይጥላቸዋል አለችኝ።

ወይዘሪትን ያየኋት በማግሥቱ ነው። አባቷ በጀርባው አዝሏት ሦስቱን የመግቢያ ደረጃዎች ሲወጣ በመስኮት አየሁት። እሱ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እሷ ሃያ ስድስት። ተሽከርካሪ ወንበሯን ታች ትቶ መጀመሪያ እሷን ያወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ወንበሩን። "ጋሼ፣ ይቆዩ ላግዝዎት!" ብዬ ስወጣ ቀና ብሎም አላየኝ።

"ተይ ልጄ። እኔ ስይዛት ላባ ናት፤ ሌላ ሰው ሲነካት ድንጋይ ትሆናለች" አለኝ እያለከለከ።

ወይዘሪት የሚለው ቅጽል ስሟ ነው። አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ከሰው ራስ በላይ አሻግራ ስለምትቀመጥ፣ ሁላችንንም ጉዳይ ይዘን ደጅ የምንጠናት ታስመስለናለች። እጆቿን ግን አታሳርፋቸውም። ደረቷ ላይ ገጥማ፣ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ቀኑን ሙሉ ታሻቸዋለች። እስከ ሁለት ዓመቷ ድረስ ትራመድ፣ "አባ" እና "ውሃ" ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ቃሉም እርምጃውም አንድ ባንድ ከእጇ ወጣ። እናቷ ወይዘሪት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ያጠባት፣ ያጎረሳት፣ ያዘላት አባቷ ነው።

አናጢ ነበር። በርና መስኮት ይሠራል። አውራ ጣቱ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ነው፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ስለሚውል ባይኖርም እጁን እየሰደደ ይፈልገዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እንዲህ አሳለፍኳቸው፦ ወይዘሪትን ፍራሽ ላይ አስተኛታለሁ፣ ጉልበቷን አጥፌ የእግሯን መዳፍ በእጄ እደግፍና "ግፊ! ግፊ! በርቺ! ግፊ!" እላለሁ። ከለመድኩት አንድ አራተኛ ድምፅ ነው ብዬ ነው። እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች። በቃ። መዝገቤ ላይ በየቀኑ "ምላሽ የለም" ብዬ እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጬባት ነበር፤ ጊዜዬን ለሌሎቹ ባውለው ይሻላል ብዬ እያሰብኩ ነበር።

አንድ ቀን አባቷ ቀደም ብሎ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየ።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልናገር?"

"ይበሉ እንጂ ጋሼ።"

"ትጠይቂያታለሽ፤ ግን መልሷን አትሰሚም።"

"አልመለሰችልኝማ!"

"ትመልሳለች። ከሩቅ ነው የሚመጣው። አንቺ መልሱ መንገድ ላይ እያለ ሌላ ጥያቄ ትልኪባታለሽ፤ ሁለቱ ይጋጩና ሁሉም ይቀራል።" ጫማውን አውልቆ ፍራሹ ላይ ተንበረከከ። ጠፍጣፋ አውራ ጣቱን እግሯ ሥር አስገባና "እስቲ ግፊኝ፣ የኔ እመቤት" አላት። አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝም አለ።

በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት። ስምንት። አፌ ውስጥ "በርቺ" የምትለው ቃል ስትንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ከንፈሬን ነከስኩ። አሥራ አንድ። አሥራ አራት ላይ የትልቁ ጣቷ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጉልበቷ ቀስ ብሎ ተዘረጋና የሰውየውን እጅ ገፋው። ትንሽ ግፊት አይደለም፤ ክንዱ ወደ ኋላ ሄደ።

"አየሽ?" አለኝ። "ሰነፍ አይደለችም። ሩቅ ናት።"

ለአንድ የስፖርት አስተማሪ አሥራ አራት ሰከንድ አፍ መዝጋት ከማራቶን ይከብዳል። ግን ተማርኩ። የዚያን ቀን መዝገቡን ገልጬ የሦስት ሳምንቱን "ምላሽ የለም" አንድ ባንድ ሰረዝኩት።

ከዚያ በኋላ አባቷ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን ሥራውን ቀደም ብሎ እየጨረሰ ይመጣና አብረን እንሠራ ጀመር። አንድ ከሰዓት ምን እንድትችል እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። "ትራመድልኝ" ይላል ብዬ ጠብቄ፣ እንዴት አድርጌ በርኅራኄ "አይሆንም" እንደምለው እያዘጋጀሁ ነበር።

"ትቁምልኝ" አለ። "ብዙ አይደለም። ከአልጋ ወደ ወንበር እስካዞራት ድረስ። ምን ያህል ይፈጃል? ሠላሳ ሰከንድ?"

"ወገብዎን አሞዎታል እንዴ?"

"ወገቤንስ ተይው፣ እሱ ካመመው ቆይቷል።" የሌለውን እርሳስ ከጆሮው ላይ ፈለገ። "እኔ ስሄድ አንድ ሰው ይረከባታል። መሸከም ካለበት አንድ ወር ይሸከማትና ይሰለቻታል። ራሷ የምትቆም ከሆነች ግን ቀጭን ሴት እንኳ ልትይዛት ትችላለች።"

ቀጭን ሴት ሲል ማንን እንዳሰበ ያወቅኩት ኋላ ነው። ትልቅ ልጅ ነበረችው፣ የወይዘሪት እህት፤ ጸጉር ቤት አላት። "እጇ ወርቅ ነው" ይለኛል ስለሷ ሲያወራ። ለምን አንድም ቀን መጥታ እንደማታውቅ ስጠይቀው "ሥራ ይበዛባታል" ብሎ የጫማውን ማሠሪያ ያጠብቃል።

መቆም ለኛ አንድ ነገር ነው። ለወይዘሪት ግን አሥር ነገር ነው፤ አሥሩንም ለየብቻ መማር ነበረባት። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ፍራሽ ጠርዝ ላይ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ብቻ ሠራን። ቀጥሎ ወደ ፊት ማጎንበስ፣ ክብደቷን ከመቀመጫዋ ወደ እግሯ ማምጣት። የማይላቀቁትን እጆቿን ቀስ ብሎ አላቆ መደገፊያው ብረት ላይ ማሳረፍ። እኔ ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ ጉልበቶቿ እንዳይከዷት በእጄ እይዛለሁ፤ አባቷ ከመደገፊያው ወዲያ ቆሞ ፊቱን ያሳያታል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ቃል። ሲደክማት ጥርሷን ታፋጫለች፤ ያኔ ወዲያው እናቆማለን። "ማህበሩ ስብሰባ በትኗል" ይላል አባቷ።

በአራተኛው ወር ከፍራሹ አንድ ስንዝር ተነስታ ተመልሳ ዘፍ አለች። እኔ ጮህኩ፤ ሁለት ሰዎች ደነገጡ፤ ኃላፊዋ መጥታ በዓይኗ ገረፈችኝ። በሰባተኛው ወር ስድስት ሰከንድ ቆመች። ከዚያ የሚጥላት በሽታ ባሰባት። መድኃኒቷ ተቀየረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፣ በሁለት ወር ውስጥ የሠራነው ሁሉ እንደ ጭስ በነነ። እኔ ቅስሜ ተሰበረ። እሱ ግን በር ጠምሞበት እንደገና እንደሚያስተካክል ሰው ምንም ሳይል ከመቀመጥ ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ ያለውን መደገፊያ ቁመት በስንዝር ለክቶ ለቤትም ሠራላት፤ እጇን ስንጥር እንዳይወጋው እንጨቱን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆት፣ አልጋዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ መታው።

በአሥራ አራተኛው ወር አርባ ሰከንድ ደረሰች።

አንድ ሰኞ ጠዋት አባቷ ወይዘሪትን ከነወንበሯ ደረጃው ሥር አቁሞ እየሮጠ መጣ። አንድ ነገር የሆነች መሰለኝ። "ቲቸር፣ ዛሬ አልተሸከምኳትም!" አለኝ። "ተነሽ አልኳት፣ ጠበቅኩ፣ ተነሳች፤ ወንበሩን ከኋላዋ አስገባሁት፣ ተቀመጪ አልኳት፣ ተቀመጠች። እንደ ማንኛውም ሰው!" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወይዘሪት ታች ሆና በሰዎች ራስ ላይ አሻግራ መንገዱን ታያለች።

ያ የጥሩ ጊዜያችን ጫፍ ነበር። ስድስት ሳምንት ቆየ።

ረቡዕ ቀን ነው። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አባቷ አልመጣም። እሱ ደግሞ ሰዓት አያዛንፍም። ወይዘሪት በሰዓቱ አንገቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ታደርጋለች፣ ሰዓት አታነብም ግን ታውቃለች። አሥር ተኩል ሆነ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ሌሎቹ ሁሉ ሄደው አለቁ፣ ጽዳቷ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ሰቀለች። አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ጣቶቿ በጸጉር ቀለም እንደጠቆሩ በሩ ላይ ቆመች።

"እህቷ ነኝ" አለች። "አባዬ..." ብላ መጨረስ አቃታት።

ደንበኛ ቤት በር ሲለካ ነው። ሜትሩን እንደያዘ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለና ውሃ ጠየቀ። ውሃው እስኪመጣ አልቆየም።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። የማስታውሰው እህቷ ወይዘሪትን ስታያት ነው፤ ከየት እንደሚያዝ የማታውቀው ዕቃ የተሰጣት ሰው ትመስል ነበር። "እንዴት ነው የምወስዳት?" አለችኝ። "ትቆማለች፣ አይዞሽ፣ ራሷ ትቆማለች" አልኳት። ወይዘሪትን ፍራሹ ጠርዝ ላይ ነበር ያስቀመጥኳት። ተንበርክኬ "ተነሽ፣ ወይዘሪት" አልኩ። ጠበቅኩ። ሃያ። ሠላሳ። አንድ ደቂቃ። እሷ በእህቷ ትከሻ ላይ አሻግራ በሩን ታያለች። በመጨረሻ ለሁለት አንስተን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናት። እውነትም ድንጋይ ሆነች።

በማግሥቱ ጠዋት እህቷ ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ ቀብሩ ዛሬ ነው። ዘመድ ሁሉ አታምጫት ይላል። ምን ይገባታል፣ ሰውም ይረበሻል ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?"

እንደ ባለሙያ ነው የመለስኩላት። ብዙ ሕዝብ፣ ልቅሶ፣ ድንገተኛ ጩኸት ሊጥላት ይችላል አልኳት። ይህ ሐሰት አይደለም። ግን ምክንያቴ እሱ ብቻ አልነበረም። እዚያ ወንበሯ ላይ ሆና፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ከሰው መሀል አባቷን ስትፈልግ ማየት ፈርቼ ነው። "ይቅርባት" አልኩ። "እኔ ጋ ትዋል።"

አባቷ ሲቀበር ወይዘሪት ከኔ ጋር አዳራሽ ውስጥ ነበረች። እግሯን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። አሥር ሰዓት ላይ አንገቷን ወደ በሩ አዞረች።

በማግሥቱም። በሳምንቱም። በወሩም።

ዳግመኛ አልቆመችም። በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ቅደም ተከተል፣ በተለመደው ቃል ሞከርኩ። ድምፄን እንደሱ ዝቅ አድርጌ "የኔ እመቤት" እስከማለት ደረስኩ፤ ዞር ብላ አየችኝና አፈርኩ። እህቷ ማታና ጠዋት እያነሳች ታስቀምጣታለች፤ በሁለተኛው ወር አጎንብሳ ቀና ስትል ፊቷ ሲጨማደድ አየሁት።

"ዛሬስ?" ትለኛለች ልትወስዳት ስትመጣ።

"ዛሬም አልቆመችም።"

አንድ ቀን ቦርሳዋን ፍራሽ ላይ ወረወረችና ቁጭ አለች። "ለሱ ብቻ ነበራ! እኔ ማነኝ?" ከዚያ ወለሉን እያየች ነገረችኝ። "ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መምጣት ነበረበት፤ ዝናብ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ ቆምኩ፣ ልጆቹ ሁሉ ሄዱ። ዘበኛው ነው በኋላ ቤት ያደረሰኝ። ለካ እሷን ጥሏት ሆስፒታል ይዟት ሄዶ ነበር። ስገባ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ 'መጣሽ?' አለኝ። በቃ። እንዳልመጣልኝ እንኳ አላስታወሰም። ጠልቻት አይደለም ቲቸር። ቤቱ ውስጥ እኔ የምቆምበት ቦታ አልነበረም።"

ቦርሳዋን አንስቼ አጠገቧ አስቀመጥኩላት።

"እንደሷ ያሉትን የሚያሳድር ቤት አለ ይባላል" አለች ቆይታ። "አይቼ ልምጣ?"

"እይው" አልኳት። የኔ ወገብ አይደለም የሚቆረጠው። ቅዳሜ ሄዳ ሰኞ ስትመጣ ፊቷ ቅጭም ብሎ ነበር። "አልጋዎቹ ግድግዳ ይዘው ተደርድረዋል" አለችኝ። "ንጹሕ ነው። ሰዎቹም ክፉ አይደሉም። ግን ሁሉም በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያ ነው የሚያዩት።" ሌላ አልጨመረችም። ነገሩንም ዳግመኛ አላነሳችውም። በዚያው ሳምንት ማክሰኞና ዓርብ ጸጉር ቤቱን ለረዳቷ ትታ እየመጣች፣ ጫማዋን አውልቃ ከኔ ጋር ፍራሹ ላይ መንበርከክ ጀመረች። አጠያየቁን አስተማርኳት። አባቷ ያስተማረኝን ለልጁ ሳስተምራት ድምፄ ተሰበረ፤ ጉንፋን ነው አልኳት።

በአራተኛው ወር ወደ መቃብሩ እንውሰዳት ያለችው እህቷ ናት። ሦስታችን ሄድን። የወንበሩ ጎማ ጠጠሩ ውስጥ እየሰመጠ ግማሹን መንገድ እየገፋን ግማሹን እየጎተትን ደረስን። እህቷ አጎንብሳ ጆሮዋ ሥር "አባዬ እዚህ ነው ያለው" አለቻት። ጠበቅን። በልቤ ስድሳ ቆጠርኩ፣ መቶ ቆጠርኩ። ወይዘሪት በውሃ ጎማ አበባ የሚያጠጣውን ሰውዬ ታያለች። ጥቂት ቆይታ ጥርሷን ማፋጨት ጀመረች። ደክሟት ነው። ሌላ ነገር ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም።

በማግሥቱ አሥር ሰዓት ላይ እንደ ወትሮዋ ወደ በሩ ዞረች።

አንድ ዓርብ ግን እኔ ጉልበቶቿን ይዤ፣ እህቷ ከመደገፊያው ወዲያ ቆማ፣ "ተነሽ እስቲ እህቴ" አለቻት። ከአባቷ በኋላ ስድስተኛ ወሯ ነበር። እህትየው ትንሽ ጠበቀችና ተስፋ ቆርጣ ዓይኗን ወደኔ መለሰች። ያኔ እጄ ሥር የወይዘሪት ጭን ሲጠነክር ተሰማኝ። ከፍራሹ ተነሳች። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ አንድ ስንዝር፣ ምናልባት አንድ ስንዝር ተኩል። ሦስት ሰከንድ። ከዚያ ዘፍ። እህቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች ታለቅሳለች። "ለኔ ነው? ቲቸር፣ ለኔ ነው?" ትለኛለች። "ለሌላ ለማን ይሆናል? እኔማ ስድስት ወር ስለምናት አልሰማችኝም" አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሪትን የሳንባ ምች ያዛት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። አርባ አንድ ኪሎ ነበረች፤ ስትወጣ ሠላሳ አራት ሆና ወጣች። አልጋ ላይ ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ስለተኛች እግሮቿ እንደዚያው ቀሩ። ሐኪሙ ጉልበቷን ይዞ ቀስ ብሎ ሊዘረጋው ሞከረ፤ ከግማሽ አላለፈም። ሰውየው ጨዋ ነው፣ እህቷን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጦ ነው የነገራት። ከእንግዲህ ሥራው እንዳይብስባትና እንዳያማት ማድረግ ነው፤ መቆሙ ግን አብቅቷል አላት።

እህቷ ሐኪሙ እስኪሄድ ጠበቀች። "አባዬ የተወልኝ እኮ መቆሟን ብቻ ነው" አለችኝ። "ቤቱ የኪራይ ነው፣ መጋዙና መዶሻው ለባልንጀሮቹ ሄዷል። ለኔ የተወልኝ እንዳልሸከማት ብሎ ነበር። ያንንም አጠፋሁት።"

"አንቺ አላጠፋሽውም" አልኳት። ግን ቃሌ ራሴን አላሳመነኝም፤ እኔም በልቤ ጥፋተኛ እየፈለግኩ ነበር፣ ከራሴ ሌላ ደግሞ ሰው አላገኘሁም።

ወይዘሪት ወደ ማዕከሉ አልተመለሰችም፤ መንገዱን አልቻለችውም። እህቷ ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ያለውን የዕቃ ክፍል ባዶ አድርጋ አልጋ አስገባችበት። በሩ ሲከፈት ወይዘሪት ካለችበት ሆና መስታወቶቹንና ደንበኞቹን ታያለች። ደንበኞቹ መጀመሪያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አሁን ጸጉራቸው ተሠርቶ ሲያልቅ ዞር ብለው "ወይዘሪት፣ እንዴት ነኝ?" ይሏታል። እሷ ከራሳቸው በላይ አሻግራ ታያለች። "አልወደደችውም፣ እንደገና ይታጠብ!" ትላለች ረዳቷ፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

እኔ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት እሄዳለሁ። ሁለታችን ግራና ቀኝ ተቀምጠን አንዳንድ እግር እንይዛለን። ዳሌዋን፣ ጉልበቷን፣ ቁርጭምጭሚቷን፤ እስከሚሄድበት ድረስ ብቻ እንወስደዋለን፣ እዚያ እናቆየዋለን፣ እንመልሰዋለን። ከዚያ ደረቷ አክታ እንዳይዝ በጎኗ እናዞራታለን። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። የምንለካው እድገት የለም፤ ትናንት የሄደበት ድረስ ዛሬም ከሄደ ጥሩ ቀን ነው።

በአንዱ ሰኞ አልቻልኩም፤ አፌ አመለጠኝ። "አንድ ነገር ልንገርሽ" አልኳት። "ያኔ ስለ ቀብሩ ስትጠይቂኝ ይቅርባት ያልኩሽ ለሷ ብዬ ብቻ አይደለም። እኔ ማየት ፈርቼ ነው። ወስደሻት ቢሆን ኖሮ ምናልባት..." እንባዬ መጣ። "በየቀኑ በሩን ስታይ የነበረችው በኔ ምክንያት ነው።"

እህቷ የያዘችውን እግር አልለቀቀችም። ጉልበቱን እስከሚሄድበት አድርሳ አቆየችው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም፤ አልሰማችኝም ብዬ ልደግመው ስል ተናገረች።

"ዘመድ ምንም አላለም ነበር።"

"ምን?"

"አታምጫት ያለ ዘመድ የለም። እንዲያውም አክስቴ ትምጣ ብላ ነበር። እኔ ነኝ።" ቀና ብላ አላየችኝም። "አንድ ቀን እንኳ አባዬ የኔ ብቻ ይሁን ብዬ ነው። ቆሜ ላልቅስለት፤ ማን ያዛት፣ ማን አጎረሳት፣ ጣላት እንዴ ሳልል። አታምጫት እንድትዪኝ ነበር የደወልኩልሽ። ብትዪኝ እፎይ አልኩ።" እግሩን ቀስ ብላ አልጋው ላይ መለሰችው። "ያን ቀን እንኳ አልሆነልኝም። መቃብሩ ላይ ቆሜ ሳስብ የነበረው እሷ አሁን ምን እያደረገች ነው እያልኩ ነው።"

ልቆጣት ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። ላጽናናት ፈለግኩ፣ ያም አልመጣም። ወይዘሪት በሁለታችን መሀል ተኝታ እጆቿን ታሻለች። ይቅርታ የሚጠየቀው ከሷ ነበር፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን አንዳችንም አናውቅም።

"በጎኗ እናዙራት" አለች እህቷ በመጨረሻ።

እኔ ትከሻዋን፣ እሷ ዳሌዋን ይዘን አዞርናት። ትራሱን ከጀርባዋ አስገባሁት፣ ሌላውን በጉልበቶቿ መሀል። እህቷ ጸጉሯን ከአንገቷ ሥር አውጥታ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠርጋ፣ እንዳይጎትታት ላላ አድርጋ ጎነጎነችው። ውጪ ደንበኛ ሱቁን ያንኳኳል።

"አልተከፈተም!" ብላ ጮኸች እህቷ፣ ጉንጉኑን ሳትለቅ። "ትንሽ ይጠብቁ፣ እየሠራን ነው!"